ሽቦዬ እንዳይዝግ

ለሰው እንቢ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። ይህን ስል ደግነቴን የማወራ እንዳይመስላችሁ፤ ደግ ሰው ሳይመቸው ሲቀር እንቢ ይላል። እኔ የምፈራው ቅያሜን ነው። ስሙን በቅጡ ለማላውቀው ሰው ዕቃ ሳጓጉዝ፣ ቤልትላይን የሚባል ሰፈር ካለ አፓርታማ ሦስት ፎቅ ሶፋ ተሸክሜ ወርጃለሁ፤ ያውም በረመዳን፣ ጾሜን ሆኜ። ሶፋው በአዲሱ ቤት በር አልገባ ብሎ መልሰን ስንጭነው እንኳ "ችግር የለም" ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ዘሃራ፣ "አንተ እኮ ቀባሪ እንዳይደክመው ብለህ በእግርህ መቃብር የምትሄድ ሰው ነህ" ትለኛለች። የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ሲደርስብኝ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምንኖረው ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ዘሃራ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ክኒን በሰዓቱ ታስውጣለች። ክኒን አልውጥም ብሎ ጥርሱን የነከሰ ሽማግሌ ካለ የምትላከው እሷ ናት። እኔ እንግዲህ ይህችን ሴት ነው በክኒን ያታለልኳት።

መስከረም ላይ አንድ ደንበኛ ኤርፖርት አድርሼ ስመለስ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሆስፒታል ስሄድ አንዱ የልቤ ደም ስር ጠቦ ተገኘና በእጄ አንጓ በኩል ገብተው ስቴንት አስገቡልኝ። ስቴንት የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት መረብ ነው፤ እኛ ሾፌሮቹ በአጭሩ "ሽቦ" እንለዋለን። ዶክተሯ ስታሰናብተኝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት ክኒኖች ሰጥታ፣ እሷ ራሷ አቁም እስክትለኝ ድረስ አንድም ቀን እንዳላቋርጣቸው አስጠነቀቀችኝ። አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ደም ስሩ ሽቦው ውስጥ ተመልሶ ሊጠብ ስለሚችል ደረቴን ካመመኝ ቶሎ እንድመጣ ነገረችኝ። እኔም ይሄን "ተመልሶ ሊጠብ ይችላል" የሚለውን ነገር ለመጣ ለሄደው ሁሉ አወራሁት።

አገር ቤት የታመመ ሰው ሲጠየቅ ብርቱካንና ሙዝ ይያዛል። ካልጋሪ ያለነው ግን ሰልጥነናል፤ የምንይዘው ጠርሙስ ነው። ያ በጅምላ የሚሸጠው ትልቅ ሱቅ ውስጥ የቫይታሚኑ መደርደሪያ ከብርቱካኑ ይልቅ ለበሩ ይቀርባል። ታክሲ ነጂ ወገኔ ሁሉ መንጃ ፈቃዱን ይዞ የልብ ሐኪም ሆኖ መጣ።

ፊታውራሪው ጋሼ ይማም ናቸው። ጋሼ ይማም ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁላችንን ታክሲ ያስጀመሩን፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ መስጊድ ውስጥ ወንበር የሚለቀቅላቸው ሰው ናቸው። ማርልቦሮ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ በየዓመቱ በረዶ ከመጣሉ በፊት የሾፌሩን ሁሉ መኪና ሆድ ፀረ-ዝገት ይቀቡ ነበር። ያን ቀን የሕፃን ራስ የሚያህል የቫይታሚን ኢ ጠርሙስ ይዘው መጡና ሶፋው መሐል ተቀምጠው ጠየቁኝ።

"ምን አስገቡልህ?"

"ሽቦ ነው ጋሼ።"

"ሽቦ ምንድን ነው?"

"ብረት።"

"ደም ውስጥ ጨው አለ የለም?"

"አለ።"

"ብረት ጨውና እርጥበት ውስጥ ሲከርም ምን ይሆናል?"

"ይዝጋል።"

"በቃ፤ ተመልሶ ይጠባል ያለችህ እሱን ነው። ዝገቱ እየወፈረ ነው የሚዘጋው። ይሄ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ፀረ-ዝገት ማለት ነው።"

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አምስት ሾፌሮች ራሳቸውን ነቀነቁ። እናንተም ብትኖሩ ትነቀንቁ ነበር። የካልጋሪ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የቀድሞ መኪናዬን በር ከሥሩ በልቶ ቀዳዳው ውስጥ ጣቴን አስገብቼ አውቃለሁ። ጋሼ ይማም የቀቡት መኪና ሲዝግ ደግሞ አይቼ አላውቅም። የክርክሩ ጉድለት ሰው መኪና አለመሆኑ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ያኔ ያነሳው ሰው አልነበረም። እዚያው ፊታቸው አንዱን ዋጥኩ። ውሃውን ሳልጨርስ "እንዴት ነው?" አሉኝ። "ቀለል ብሎኛል" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመው። የሥራ ባልደረባዬ ከድር የዓሣ ዘይት ይዞ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ የማይሸት ነጭ ሽንኩርት ክኒን አመጡ፤ ነጭ ሽንኩርት ካልሸተተ ምኑን ነጭ ሽንኩርት ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። አንዱ ቫይታሚን ሲ፣ አንዱ የወይን ፍሬ፣ አንዱ አረንጓዴ ሻይ በክኒን። በሁለት ወር ውስጥ ኩሽናው መደርደሪያ ላይ አሥራ አንድ ጠርሙስ ተሰለፈ። ያመጣልኝ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንዳላምታታ የእያንዳንዱን ስም ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ።

ለምን አትደፋውም ትሉኝ ይሆናል። ጋሼ ይማምን ስለማታውቋቸው ነው። በመጡ ቁጥር ጠርሙሱን ጆሯቸው አጠገብ ነቅነቅ አድርገው ምን ያህል እንደቀረ ያዳምጣሉ። ከዚያ "እየዋጥክ ነው?" ይሉኛል። "እየዋጥኩ ነው" ስላቸው፣ "ወላሂ በል" ይሉኛል። እኔ ብዙ ነገር እዋሻለሁ፤ በአላህ ስም ግን ዋሽቼ አላውቅም። ስለዚህ ዋጥኩ። ለሁሉም፣ በየቀኑ፣ አሥራ አንዱንም ዋጥኩ።

ታኅሣሥ ላይ አፍንጫዬ መድማት ጀመረ። ትንሽ ነካ ያደረገኝ ቦታ ሁሉ ይበልዛል። አንድ ቀን ኋላ የተቀመጠች ተሳፋሪ ሶፍት አቀብላኝ፣ እኔ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ ደሙን በሌላው እየጠረግሁ ነው ያደረስኳት። ሆዴም ይቃጠላል፤ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት በክኒን እጠግባለሁ። አንድ ነገር መቀነስ እንዳለበት ለእኔም ገባኝ። ለሐኪም መደወል ግን ትዝ አላለኝም፤ የጠየቅኩት ከድርን ነው። ከድርም የሚያደማህ ያ ደም የሚያቀጥነው የሆስፒታሉ ክኒን ነው፣ ስሙ ራሱ ይናገር የለም እንዴ አለኝ።

አንድ ጠዋት ዘሃራ ሥራ ሄዳ ጠርሙሶቹ ፊት ተቀመጥኩ። ማንን ልቀንስ? የጋሼ ይማምን አይሞከርም። የእትዬ ፋጡማን ብተወው ለዘሃራ ይነግሯታል። ከድር ደግሞ ምክሩን ሰጥቶኝ የእሱን ብተው ምን ይለኛል። እንዲህ እያልኩ ስዞር ዓይኔ ሁለቱ የሐኪም ክኒኖች ላይ አረፈ። ዶክተሯ ቤቴ መጥታ አታውቅም። ጠርሙስ አትነቀንቅም። ወላሂ በል አላለችኝም። ከአሥራ ሦስቱ ውስጥ ቢቀሩ የማይቀየም ባለቤት ያላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ። ተውኳቸው።

ዘሃራ እሑድ እሑድ የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ ሳጥን ትከፋፍልልኛለች። እኔ ጠዋት የዶክተሯን ሁለቱን መርጬ አወጣና የክረምት ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ እከታቸዋለሁ። አፍንጫዬ መድማቱን አቆመ። ከድርን አመሰገንኩት።

እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ጥር ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሆኖ ሳለ ጋሼ ይማም ከድርን ጨምሮ ስድስት ሾፌር አስከትለው መጡ። ከመሐላቸው ሰይድ የሚባል የአርባ ዓመት ሾፌር ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት እንደኔው ሽቦ የገባለት ልጅ ነው። ፊቱ ገርጥቷል። ጋሼ ያመጡት እኔን እንዲያይ ነው። ለካ መስጊድ ውስጥ ስሜ የታወቀው ያለሐኪም የዳነው ሰው ተብሎ ኖሯል።

ሻይ ቀረበ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ጀመሩ። ይሄን ሰው ታየዋለህ፣ ሲገባለት ካንተ ይብስ ነበር፣ አሁን ይኸው ፈረስ መስሏል አሉት። ሰይድ ስኒውን እንደያዘ እኔን ያያል። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነበር። ልክ ያን ጊዜ ከጡቴ ሥር አንድ ነገር ነካኝ። መጀመሪያ ቃር መሰለኝ። ቀጥሎ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ። ተነስቼ ይቅርታ እንዳልል ጋሼ እያወሩ ነው፤ ሽማግሌ እያወራ መነሳት ነውር ነው። ስለዚህ ፈገግ አልኩ። ልቤ እየሞተ እኔ ፈገግ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ሰይድ በዝግታ ጠየቀኝ። "ጋሽ ሙስጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ ደረትዎን አሞዎት ያውቃል?"

"ኧረ በጭራሽ" አልኩት።

ጋሼ ይማም በኩራት ዞር ብለው፣ "ወላሂ በልለት" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ሁሉም ይጠብቃል። ግንባሬ ላይ የወጣው ላብ አገጬ ላይ ደርሶ ሻይ ውስጥ ጠብ አለ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ደስ ይበለው ብዬ ያላልኩት ነገር የለም፤ ይቺን ግን ማለት አቃተኝ። አሁን ሳስበው ያተረፈኝ ብልሃቴም ጤናዬም አይደለም፤ ያችን አንዲት ቃል መፍራቴ ነው።

ዘሃራ ሻይ ልትደግም ብቅ ስትል ፊቴን አየችው። ማንቆርቆሪያውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ደረትህን ነው አለችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ጋሼ ይማም "አብሽር፣ አብሽር፣ ሁለቱን አንዴ ስጡት" እያሉ የቫይታሚን ኢውን ጠርሙስ መክፈት ጀመሩ። ዘሃራ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ለሳቸው ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"ጋሼ፣ እጅዎን ይሰብስቡ" አለቻቸው። ከድርን ደግሞ "ናይን ዋን ዋን ኮል አድርግ፣ አሁን!" አለችው።

ከዚያ ፊት ለፊቴ ተንበርክካ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የዶክተሯን ክኒን ዛሬ ውጠሃል?" አለችኝ።

"አልዋጥኩም።"

"ትናንትስ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እኔ እኮ በሳጥኑ አስቀምጬልሃለሁ" አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና። ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስታስውጥ ውላ መጥታ ለእኔ የምትከፋፍልበት ያ እሑድ ማታ ሁሉ ፊቷ ላይ ታየኝ። ደረቴን ከሚያመኝ በላይ እሱ አመመኝ።

አሁን በምነግራችሁ አትሳቁ። አምቡላንሱ ቶሎ መጣ፤ መንገዳችን ውስጥ ግን መግባት አልቻለም። ለምን? በካልጋሪ ውስጥ ከሁሉ በላይ መንዳት የሚችሉ ሰባት ባለሙያ ሾፌሮች በራችን ላይ ፓርክ አድርገው ስለነበር ነው። አንዱ የጎረቤትን መውጫ ዘግቷል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የጋሼ ይማም ደግሞ ለክብራቸው ጋራዡ በር ላይ ተጋድሟል። ሁሉም ቁልፉን ይዞ በካልሲና በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ተንጋጋ። የጋሼ መኪና በብርዱ ምክንያት አልነሳም አለ። ሆዷ ግን ንጹሕ ነበር፣ አንዲት ዝገት የለባትም። ባለ አምቡላንሶቹ በመጨረሻ ቃሬዛውን በታክሲዎቹ መሐል በእጃቸው ተሸክመው አወጡኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ነርስ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ አሳዩኝ አለች። ዘሃራ ጠርሙሶቹን የሱቅ ዘንቢል ውስጥ ጠራርጋ አምጥታቸው ነበር። ነርሷ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዘሃራ የሰው ስም ነው አለቻት። ነርሷም ሐኪሞቹ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች።

"አይደሉም" አለች ዘሃራ። "መካኒኮቹ ናቸው።"

ወዲያው ወደ ውስጥ አስገብተው ደም ስሬን እንደገና ከፈቱት። ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት እያየሁ ስለ ሞት ማሰብ ሲገባኝ፣ ጋሼ ይማም በዘሃራ ተቀይመው ይሆን እያልኩ ነበር የማስበው። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በማግስቱ ያችው ዶክተር መጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በቀስታ አስረዳችኝ። ሽቦው ውስጥ ሥጋ ማደግ ጀምሮ ደም ስሩን አጥብቦት ነበር። በጠበበው ላይ ደም ረግቶ ጭራሽ ዘጋው፤ የረጋው ደግሞ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ክኒን ስላቋረጥኩ ነው።

"ዝጎ ነው?" አልኳት።

አልሳቀችብኝም። ሽቦው አይዝግም አለች። ተመልሶ የሚጠበው ሰውነት የተነካውን ቦታ ሲጠግን አንዳንዴ ከመጠን በላይ ስለሚጠግን ነው፤ ቆዳ ላይ ጠባሳ እንደሚያብጠው። ስለ ቫይታሚኖቹም ጠየቅኳት። ሐኪሞችም አንድ ሰሞን ተስፋ አድርገውባቸው እንደነበር፣ ሲሞከሩ ግን ይሄን መጥበብ እንደሚከለክሉ እንዳልታየ ነገረችኝ። እንዲያውም ብዙ ቫይታሚን ኢና የዓሣ ዘይት ከደም ማቅጠኛው ጋር ሲደመር መድማትን ሊያባብስ ስለሚችል፣ አፍንጫዬ የደማው ምናልባት በዚያ ነው። አንዴ ደውለህ ብትጠይቀን ጠርሙሶቹን ነበር የምናስተውህ አለችኝ። ከልቤ ጡንቻ ጥቂቱ መሞቱን የነገረችኝ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬም የቤቴን ደረጃ ስወጣ መሐሉ ላይ ቆም እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎቼ መጡ። ጋሼ ይማም ፊት፣ ሰይድ ከኋላ። ጋሼ አላህ ያሽርህ ብለው ተቀመጡና ከካፖርታቸው ውስጥ አዲስ ጠርሙስ አወጡ።

"ያኛው አቅሙ አንሶ ነው" አሉኝ። "ይሄ እጥፍ ነው።"

ሰይድን አየሁት። የሐኪሙን ክኒን እየዋጠ እንደሆነ ጠየቅኩት። መልስ ከመስጠቱ በፊት ጋሼን አያቸው። ያ አተያይ ነው የጨረሰኝ። ይሄ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፤ እኔ ፈገግ ብዬ "ኧረ በጭራሽ" ያልኩት ለሱ ነው። ለእኔ ብቻ ቢሆን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠርሙሱን ተቀብዬ ትራሴ ሥር አስቀምጠው ነበር።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ይሄን አልቀበልዎትም። ለሰይድም አይስጡት። ትናንት ለሱ ስነግረው ዋሽቻለሁ፤ እየነገርኩት ሳለ እያመመኝ ነበር።"

ጋሼ ይማም ጠርሙሱን ወደ ካፖርታቸው መለሱና፣ "ሰው ሲወድህ እንዲህ ነው የምትመልሰው?" አሉኝ። እኔም እንደሚወዱኝ አውቃለሁ አልኳቸው። ተነስተው ሄዱ። ሰይድ ግን ቀረ። እሱም ትንሽ አፍሮ፣ የሐኪሙን ክኒን ከተወ ሦስት ቀኑ እንደሆነ ነገረኝ። ነርሷን ጠራሁለት።

አንባቢዎቼ፣ ቫይታሚን መርዝ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ከመዋጣችሁ በፊት መድኃኒታችሁን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ ነው የምለው፤ የፋርማሲው ሰው በነፃ ይመልስላችኋል፣ አይቀየምም። ሌላው ግን የእኛ ጉዳይ ነው። እኛ በሽተኛ ስንጠይቅ ምን እንዳዘዙለት አንጠይቅም፤ እናዛለን። በሽተኛውም ሰው ከሚያስቀይም ልቡ ቢቆም ይመርጣል። ወዳጆቼ ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ቀን ባባረርኳቸው ነበር። ዘሃራ ዛሬም ክኒኔን በሳጥን ትከፋፍላለች፤ አሁን ግን አፌን ከፍቼ ምላሴን አሳያለሁ፣ እንደ መጦሪያው ሽማግሌዎች። ይገባኛል።

ይሄ ከሆነ ስምንት ወር አለፈው። ጋሼ ይማም እስከዛሬ አኩርፈውኛል። በየጁምዓው መስጊድ በር ላይ ጠብቄ አሰላሙ ዓለይኩም እላቸዋለሁ፤ መመለስ ግዴታ ስለሆነ በከንፈራቸው ብቻ መልሰውልኝ ያልፋሉ። ያመኛል፤ አባቴን ያህል የምወዳቸው ሰው ናቸው። ከኋላቸው ግን ሰይድ ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ቀይ ደም ፊቱ ላይ ተመልሶ። አንድ ሰው አስቀይሜ ሁለት ሰው ተርፏል፤ አንደኛው እኔ ነኝ።